ሰዓትና ፈተና፦ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ እንዴት እንደ ተደነገገ

ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ በሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ዘንድ ልጅን ለሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ማብቃት የወላጅ ሁሉ ታላቅ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም አንዱ በዋሽንግተን፣ አንዱ በሜሪላንድ፣ አንዱ በቨርጂኒያ የሚማሩ የአንድ አያት ልጆች፣ ስሙ አንድ ለሆነ ወረቀት ሦስት ልዩ ልዩ ግዴታ ይፈጽማሉ። ዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በኖረው ደንብ 24 ክሬዲትና 100 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጠይቃል፤ ሜሪላንድ ቢያንስ 21 ክሬዲትና ከትምህርት ጋራ የተያያዘ 75 ሰዓት የማኅበራዊ አገልግሎት ትሻለች፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ለመደበኛው ዲፕሎማ 22፣ ለከፍተኛው 26 ክሬዲት ጠይቃ፣ ከእነዚሁ ጥቂቶቹ በፈተና ጭምር እንዲረጋገጡ ታዛለች። በአንድ ማዕከል የሚዘጋጅ አገር አቀፍ ፈተና ለመደ ለእኛ ሰው ይህ ዝብርቅርቅ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቍጥር የሁለት መቶ ዓመት ክርክር የተወው ፍሬ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን የተረዳ ወላጅ ደንቡንም ለማንበብ አይቸገርም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር ከሕገ መንግሥቱ ይነሣል። በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት አንዳች ቃል አልተናገረም፤ በ1791 የጸደቀው ዐሥረኛው ማሻሻያ ደግሞ ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠውንና ለግዛቶች ያልተከለከለውን ሥልጣን ለየግዛቱና ለሕዝቡ ጠበቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1973፣ በሳን አንቶንዮ የትምህርት ወረዳና በሮድሪጌዝ ክርክር፣ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ከተጠበቁት መሠረታዊ መብቶች አንዱ አይደለም ብሎ ፈረደ። ስለዚህ ዲፕሎማ የሚሰጠውና የሚከለክለው፣ ስንት ዓመት ሒሳብ፣ ስንት ዓመት ቋንቋ እንዲማሩ የሚደነግገው ግዛቱ ነው፤ የየአካባቢው የትምህርት ወረዳም በግዛቱ ደንብ ላይ የራሱን ሊጨምር ይችላል።

የሕዝብ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ራሱ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ቦስተን በ1821 የመጀመሪያውን ከፈተች፤ የማሳቹሴትስ ግዛትም በ1827 ባወጣው ሕግ አምስት መቶና ከዚያ በላይ ቤተ ሰብ ያለባቸው ከተሞች እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት እንዲያቆሙ አዘዘ። ሆኖም የባለጠጋና የድኻ ልጅ አብረው በሚማሩበት ቤት የሁሉ ግብር ሊፈስ ይገባልን የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን አልተቋጨም ነበር። በሚሺጋን ግዛት፣ በካላማዙ ከተማ፣ አንዳንድ ግብር ከፋዮች ከመጀመሪያ ደረጃ በላይ ለሚሰጥ ትምህርት አንከፍልም ሲሉ ተከራከሩ፤ በ1874 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ውሳኔውን በጻፉት በዳኛ ቶማስ ኩሊ አማካይነት፣ ሕዝቡ ከፈቀደ ግብሩን ለሁለተኛ ደረጃ ማዋል ሕጋዊ ነው ብሎ ወሰነ። ይህ ፍርድ በሌሎችም ግዛቶች እንደ ምስክር እየተጠቀሰ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲበዙ በር ከፈተ።

ትምህርት ቤቱ በበዛ መጠን ግን የምስክር ወረቀቱ ትርጉም ተለያየ፤ የአንዱ ከተማ ምሩቅ ላቲንና ጂኦሜትሪ ሲያውቅ፣ የሌላው ከተማ ምሩቅ ከጽሕፈትና ከስሌት እምብዛም አያልፍም ነበር። ይህን ለማቃናት የአሜሪካ ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር በ1892 ዐሥር ሊቃውንት ያሉበት ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢውም የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት ነበሩ። ኮሚቴው በ1893 ባቀረበው ሐተታ፣ ኮሌጅ የሚገባውም የማይገባውም ተማሪ እያንዳንዱን ትምህርት በአንድ ዓይነት ጥልቀት ይማር ሲል መከረ።

ምክሩን ወደ ሚዛን የለወጠው ግን የጡረታ ገንዘብ መሆኑ ያስደንቃል። ባለጠጋው አንድሩ ካርኔጊ በ1905 ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ፤ ገንዘቡን የተረከበው የካርኔጊ ተቋምም ለየትኛው ኮሌጅ እንደሚሰጥ ለመለየት የእውነተኛ ኮሌጅ ምልክት ማውጣት ነበረበት። ከምልክቶቹ አንዱ፣ ገቢ ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ 14 ዩኒት ያጠናቀቀ እንዲሆን የሚጠይቀው ነበር፤ አንዱ ዩኒት አንድን ትምህርት ለአንድ ዓመት ያህል፣ በጠቅላላው 120 ሰዓት ገደማ፣ መማር ማለት ነው። ለመምህራኑ ጡረታ የሚሹት ኮሌጆች ደንቡን ተቀበሉ፤ ተማሪዎቻቸውን ወደ ኮሌጅ ለመላክ የሚሹት ትምህርት ቤቶችም ተከተሉ። ዛሬ የሐበሻ ወላጅ በልጁ ትራንስክሪፕት ላይ የሚያየው ክሬዲት የዚህ ዩኒት ልጅ ነው። የእኛ አብነት ትምህርት ቤት ሌላ ሥርዓት አለው፤ የድጓ ተማሪ ቤተ ልሔም ወርዶ የሚያስመሰክረው ስንት ክረምት እንደ ተቀመጠ ተቈጥሮ ሳይሆን፣ መምህሩ ፊት ቆሞ ዜማውን አሟልቶ ሲገኝ ነው። የካርኔጊ ሚዛን ሥራውን ሁሉ ለሰዓት ሰጠ፤ ሰዓት ቀላል፣ ለሁሉ እኩልና ለማስላት የሚመች ስለ ሆነ አሸነፈ፤ ነገር ግን በክፍል የተቀመጠ ሁሉ ዐውቋል ማለት እንዳልሆነ መምህራኑ ራሳቸው ያውቁት ነበር።

በ1900 ዐሥራ ሰባት ዓመት ከሞላቸው አሜሪካውያን ውስጥ ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሱት ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ በ1940 ቍጥሩ ወደ ግማሽ ደርሶ ነበር። ብዙኃኑ በዲፕሎማ ሲመረቅ፣ ዲፕሎማው ምን ያህል ዕውቀት ያረጋግጣል የሚለው ጥያቄም በዚያው ልክ በረታ፤ ሁለተኛው ሚዛን፣ ማለት ፈተና፣ በኃይል የገባው በዚህ በር ነው። ኒው ዮርክ ከሁሉ ቀድማ የሬጀንትስ ፈተናዋን በ1865 ጀምራ፣ ከ1878 አንሥቶ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዘርግታው ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ ብዙ ግዛቶች ያለ ፈተና ዲፕሎማ የለም ወደሚል ሕግ ዘመቱ።

ከእነዚህ አንዷ ፍሎሪዳ ነበረች፤ የዚህ ታሪክ ልብም ያለው እዚያ ነው። ፍሎሪዳ በ1978 ባወጣችው ሕግ የመሠረታዊ ንባብና ሒሳብ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ዲፕሎማ እንዳይሰጠው ወሰነች። በሦስት ሙከራ ሳይሳካላቸው የቀሩት ተማሪዎች ሲቈጠሩ ከጥቁሮቹ ከመቶ 20 ያህሉ፣ ከነጮቹ ግን ከመቶ 2 ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። እነዚያ ጥቁር ልጆች ትምህርታቸውን የጀመሩት ዘር ከዘር ተለያይቶ በሚማርባቸው፣ ግፍ በተመሠረተባቸው ትምህርት ቤቶች ነበር። ዴብራ ፒ. በሚል አህጽሮት የታወቀችው ተማሪና ጓደኞቿ ክስ አቀረቡ፤ በ1979 የፌዴራሉ ዳኛ ጆርጅ ካር ደንቡ ለአራት ዓመት እንዲታገድ አዘዙ። የይግባኙ ፍርድ ቤትም በ1981 ታላቅ ቃል ተናገረ፦ ዲፕሎማ ያለ ፍትሕ የማይነጠቅ የተማሪው ሀብት ነው፤ ግዛቱም ያላስተማረውን መርምሮ ሊከለክለው አይችልም። ግዛቱ ትምህርቱ በእርግጥ መሰጠቱን ካስረዳ በኋላ በ1984 ፈተናው ጸና፤ ርትዕ የሆነው መርሕ ግን ለተከታዩ ዘመን ሁሉ ቀረ።

በ1983 «አደጋ ላይ ያለች አገር» የተባለው የፌዴራል ኮሚሽን ሪፖርት ወጥቶ አራት ዓመት እንግሊዝኛ፣ ሦስት ሦስት ዓመት ሒሳብ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ጥናት፣ ከእነዚህም ጋራ ግማሽ ዓመት የኮምፒውተር ትምህርት እንዲጠየቅ ሲመክር፣ ግዛቶች ሰዓቱንም ፈተናውንም አጠበቁ። ማሳቹሴትስ በ1993 ሕግ አውጥታ ከ2003 ምሩቃን ጀምሮ የማለፊያ ፈተና ግዴታ አደረገች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከግዛቶቹ ግማሽ ያህሉ ይህን መንገድ ያዙ። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን አዘነበለ፤ ካሊፎርኒያ ፈተናዋን በ2015 አገደች፣ የማሳቹሴትስ ሕዝብ በኅዳር 2024 በድምፁ ግዴታውን ሻረ፣ ኒው ዮርክም በዚያው ወር የሬጀንትስን ግዴታነት ከ2027–28 የትምህርት ዓመት ጀምሮ የሚያስቀር ዕቅድ አወጣች።

ከኢትዮጵያ በዐሥረኛ ወይም በዐሥራ አንደኛ ክፍል ለሚመጣ ልጅ ይህ ሁሉ በቀጥታ የሚነካው ነገር ነው። መብቱን ሁለት ፍርዶች ይጠብቁለታል፤ በ1974 የላው ጉዳይ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ተማሪ ልዩ ርዳታ ሳይሰጡ ከሌላው እኩል አስተማርን ማለት እንደማይቻል አጸና፤ በ1982 የፕላይለር ጉዳይ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅ ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይከለከል ደነገገ። ግን መብት ያልጠየቀውን ሰው ፈልጎ አያገኘውም። በአገር ቤት የተማረው ትምህርት ስንት ክሬዲት ሆኖ እንደሚታሰብለት፣ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ክፍሉ ለዲፕሎማ ክሬዲት ይቈጠር ወይስ ለማሟያ ብቻ፣ የአገልግሎት ሰዓቱ የት እንደሚመዘገብ፣ በሕዝብ ትምህርት ቤት ለመማር በተወሰነው የዕድሜ ገደብ ምክንያት ስንት ዓመት እንደ ቀረለት፣ እነዚህ ጥያቄዎች በመጀመሪያው ሳምንት ለካውንስለሩ ሊቀርቡ ይገባል። መልሱም በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ወላጁ እንግሊዝኛ ቢያዳግተው አስተርጓሚ እንዲቀርብለት መጠየቅ መብቱ ነውና አይፈር።

እንግዲህ ሰዓትም ፈተናም በየዘመኑ ሲሾሙና ሲሻሩ ኖረዋል፤ ነገም ደንቡ ይለወጥ ይሆናል። ሊለወጥ የማይገባው ግን በፍሎሪዳ ልጆች ክስ የተገኘው መርሕ ነው፦ ማስተማር ይቀድማል፣ መጠየቅ ይከተላል። ግዛት ዲፕሎማ ሲከለክል አስተምሬ ነበርን ብሎ ራሱን ሊመረምር ግድ ነው፤ ወላጅም ልጁ ምን እንደሚጠየቅ በጊዜው ካወቀ፣ ያንን ምርመራ ከግዛቱ ለመጠየቅ የሚበቃ አንደበት ይኖረዋል።