ግብር የከፈለ ይጠይቃል

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት ዘመን የጎጃም ገበሬ መንግሥትን መጠየቁ በታሪክ ይታወሳል።

በ1960 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅን አወጣ። አዋጁ አሥራትን ሽሮ ገበሬው በገቢው መጠን እንዲከፍል የሚያደርግ ነበር። ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል ማለቱ ለሰሚ ፍትሐዊ ይመስላል። ጎጃም ግን አልተቀበለውም። ገማቾች ሲመጡ ገበሬው «ርስቴን ሊለኩብኝ ነው» ብሎ ሰጋ። ቀድሞውንም በሹማምንት ጉቦና በልዩ ልዩ መዋጮ ተማርሮ ነበር፤ አቤቱታውም ሰሚ አላገኘም። ስለዚህ በሞጣ፣ በዳሞትና በሌሎችም ወረዳዎች አመፅ ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

ገበሬው ግብር መክፈል ግዴታ መሆኑን አላጣውም። ያጣው የከፈለው የት እንደዋለ የሚነግረውን ሹም ነው። ዛሬ በኅብረት ሥራ ማኅበር ሂሳብ ተመርምሮ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ መልስ እንዲያገኝ ነው። እንግዲህ አባሉ መዋጮውንና ግብሩን በወቅቱ ይክፈል፤ በስብሰባም ተገኝቶ ይጠይቅ። የተሾመውም ደረሰኙን ይዞ ይመልስ።