የዐሥሩ አውታር ድምፅ በሐይቅ ዳር

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። አያቴ የኖሩት እዚያ ነው። በልጅነቴ በዐቢይ ጾም ልጠይቃቸው ስሄድ ከመኝታቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ በገና ተሰቅሎ አይ ነበር። ከአውታሮቹ ገሚሶቹ ስለ ተበጠሱ ሲደረድሩት አልሰማሁም። እሳቸው ካረፉ በኋላ የቤቱ ዕቃ ሲሸጥ አንድ ነጋዴ በጥቂት ብር ወሰደው። በዚያን ጊዜ እኔ ሙሉ ሰው ነበርኩ፤ “ይቅር፣ አይሸጥ” ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ከዓመታት በኋላ እዚያው ሐይቅ ከተማ፣ በሁዳዴ ወራት፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ከቴፑ የበገና ድምፅ መጣ። ከሲዲ የተገለበጠ ካሴት ነበር። የሚዘመረው “አባታችን ሆይ”፣ ዘማሪው ደግሞ ዓለሙ አጋ ናቸው። በቤቱ ውስጥ እንደ ወሎ ወግ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተቀላቅሎ ተቀምጧል። አስተናጋጁ ልጅ ካሴቱን ሊቀይር ብድግ ሲል፣ ከመስጊድ መለስ ብለው ሻይ የያዙ አንድ አዛውንት “ተወው የኔ ልጅ፤ ይጨርስ” አሉት። ልጁም ተወው።

ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ለመሆኑ ይህ ሥራ ምን ቢኖረው ነው ያን ሁሉ ዘመን ሳይሰለች የሚደመጠው? ከበሮ የለው፣ አጃቢ የለው፤ አንድ ሰው አንድ መሣሪያ ታቅፎ ተቀምጦ ያንጎራጉራል፤ ሌላ ምንም የለም።

አቶ ዓለሙ አጋ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1950 እንጦጦ አካባቢ ነው። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ የበገናው ሊቅ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤታቸው ሆኑ፤ በሚማሩበት ትምህርት ቤትም ማስተማር ጀመሩ። ልጁ ዓለሙ የመምህሩን በገና ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ያመላልሱ ነበር። ትምህርቱ በሸክም ተጀመረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኪምበርሊን ለዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ድምፃቸውን ቀረጸች። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም በገና አስተምረዋል። የደርግ ዘመን ግን ለመንፈሳዊ ዜማ የሚመች አልሆነም፤ በገናም ከሬዲዮ ራቀ። እሳቸውም ማስተማሩን ትተው ፒያሳ ላይ ሱቅ ከፈቱ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ “የንጉሥ ዳዊት በገና” የተሰኘው ሲዲ ፈረንሳይ አገር ወጣ። በኋላም ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው “ኢትዮፒክስ” በተባለው ተከታታይ ውስጥ 11ኛ ሆኖ ታተመ። ጎረቤቶቹን ልብ ይሏል! ከተከታታዩ አብዛኛው በሳክስፎንና በጥሩምባ የደመቀው የአዲስ አበባ ባንዶች ሙዚቃ ነው። በዚያ ሁሉ ሞቅታ መካከል ይህ አንድ ሥራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ። ከሁሉ ያነሰ ድምፅ ይዞ ከሁሉ ያላነሰ ዕድሜ አገኘ።

የመጀመሪያው ምስጢር ከመሣሪያው ይመስለኛል። በገና ዐሥር አውታሮች አሉት፤ በጥንቱ ወግ ከበግ አንጀት የሚፈተሉ ናቸው። አባቶች ዐሥሩን አውታር በዐሥርቱ ትእዛዛት ይመስሉታል። አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማና በአውታሩ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ሲነካ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ይወጣል። ሌላው መሣሪያ ድምፁ ጥርት እንዲል ይደከምበታል፤ በገና ግን እንዲያጉረመርም ታስቦ ይሠራል። በዚህ ጉርምርምታ ላይ የሰው ድምፅ ከፍ ብሎ መጮህ አይችልም። ዝቅ ማለት ግድ ይለዋል።

ሁለተኛው ምስጢር ከቦታው ጋር ይያያዛል። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በአምባሰል ተራሮች ላይ ደግሞ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን የሚጎርፉባት ግሸን ማርያም ትገኛለች። በእነዚህ ቅዱሳን ቦታዎች የሚሰማው ዜማ የያሬድ ነው፤ ቋንቋውም ግእዝ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው። በገና ግን የቅዳሴ መሣሪያ አይደለም። ቤቱ እልፍኝ ነው፤ ወራቱ ሁዳዴ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ ነው። አያቴም፣ አያቴን ያገለገለችው ሴትም፣ በር ላይ የቆመው እረኛም እኩል ይረዱታል። የሚናገረውም ስለ ሞት፣ ስለ ከንቱነት፣ ስለ ንስሐ ነው። እነዚህን ነገሮች ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ሟች መሆን ይበቃል። ሻይ ቤት ውስጥ “ይጨርስ” ያሉት አዛውንት የመጡት ከመንዙማ አገር ነው፤ ሞትን በዜማ ማሰብ ለእሳቸው እንግዳ ነገር አልነበረም።

አምባሰል ለአንደኛው ቅኝታችን ስሙን የሰጠ ተራራ መሆኑንም አንዘንጋ። ያ ቅኝት ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ለፍቅርና ለናፍቆት ነው። ዘፋኙ ለአንዲት ወዳጁ ይዘፍናል፤ እኛም ለእኛ የዘፈነ ያህል እንሰማዋለን። በገና ደርዳሪ ግን ፊቱን ወደ እኛ አላዞረም። ለፈጣሪው ይናገራል፤ እኛ በበሩ ሥር ስናልፍ የሰማን ነን። ሊያስደስተን ስላልተነሣ አይሰለቸንም። በዚያን ዘመን በኪቦርድ ታጅበው የወጡ ብዙ መንፈሳዊ ካሴቶች ዛሬ ሲሰሙ ዓመተ ምሕረታቸውን ይናገራሉ፤ ይኸኛው ግን ዓመተ ምሕረት የለውም።

ነገር ግን ውለታው እንዳለ ሆኖ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ድምፁ በካሴት ስለ ተገኘ ግድግዳው ባዶ ቢሆንም ቤቱ የሞላ ይመስለናል። የአያቴን በገና ሲወስዱት ዝም ያልኩት ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ ነው። ያወቅሁት ከካሴቱ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ችንካሩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ደግነቱ ከደርግ ውድቀት ወዲህ በገና መማሪያው ተስፋፍቷል፤ ወጣቶች፣ ከእነሱም ብዙ ሴቶች፣ በገና ታቅፈው ሲቀመጡ ማየት ብርቅ አይደለም። ከእነሱ ስንቱን ወደ በገና የመራው ይህ ቅጂ ይሆን? ካሴት መምህሩን ባይተካም ተማሪውን እስከ መምህሩ ደጅ ማድረስ ግን ይችላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በአባትህ ወይም በአያትህ ቤት አቧራ የጠጣ በገና ካለ፣ ነጋዴው ቀድሞህ ሳይመጣ አውርደው። አውታሩን የሚቀጥል፣ እንዚራውን የሚያስገባ ሰው ፈልግ። መደርደሩ ባይሆንልህ እንኳ የሚሆንለት ልጅ ከቤትህ አይጠፋም።