የትምህርት ግብሩን ማን ከፈለው?

የዶርም ጓደኛዬ የሚያጠናው የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ነው፤ እኔ ደግሞ ታሪክ። ሁለታችንም ከከፋ ነን። እሱ ከደቻ፣ እኔ ከጊምቦ፤ ከቦንጋ ብዙም አልርቅ። አንድ ማታ የወጪ መጋራቱን ውል ፈርሞ መጣና ወረቀቱን አልጋዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጫካ ሲጠብቅ ኖረ፤ እኔ ጫካ እንዴት እንደሚጠበቅ ለመማር ዕዳ ገባሁ» አለኝ። ሳቅን። እንዲያው ሳቅ ይምጣ እንጂ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ድሮ እኮ ትምህርት በነፃ ነበር» አልኩት። «ለማን?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ይህ ጽሑፍ የዚያች የ«ለማን?» ልጅ ነው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስንጎዳጎድ ያገኘሁትን ለአንባቢ አቀርባለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። የከፋ መንግሥት በነበረበት ዘመን ጫካ ባለቤት አልባ ዱር አልነበረም። ሽማግሎቻችን «ኮቦ» የሚሉት አለ፤ አንድ ቤተሰብ ቡናውን የሚለቅምበት፣ ቀፎውን የሚሰቅልበት፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚያወጣበት፣ ወሰኑን ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው የጫካ ክፍል ነው። የማይነካም ጫካ ነበር፤ «ዴጆ» የሚባለው የምስጋናና የልመና ሥርዓት የሚፈጸምበት። ከሁሉ በላይ ጫካውን የሚያውቁት ደግሞ ማንጆዎች ነበሩ። አዳኞች ነበሩ፤ እንጨትና ከሰል ያቀርቡ ነበር። ከማኅበሩ ዳር ተገፍተው፣ ከሌላው ጋር እንዳይበሉና እንዳይጋቡ ተከልክለው የኖሩትም እነሱው ናቸው። የከፋን ታሪክ ስናሞግስ ይህችን ገጽ እየዘለልን የምናነብ ብዙዎች ነን፤ እኔ ራሴ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

እንግዲህ የሥነ ምህዳር ትምህርት በከፋ ምድር ያለ ዲግሪና ያለ ክፍያ ይሰጥ ነበር ማለት ይቻላል። መምህሩ አባት፣ መማሪያ ክፍሉ ኮቦው። ነገር ግን ያ ዕውቀት ማዕረግ አልነበረውም፤ ይልቁንም ዕውቀቱ በጠለቀ ቁጥር ባለቤቱ ከኅብረተሰቡ ዝቅ ይል ነበር። ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ ይመጣል።

በ1889 ዓ.ም የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ ከፋ ገባ። በ1890 መግቢያ ላይ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተያዘ፤ በግዞትም እንዳለ ሞተ። ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏልና አላስረዝመውም። ለኔ ጉዳይ የሚያስፈልገኝ በኋላ የሆነው ነው፤ ሕዝቡ እጅግ መነመነ፣ እርሻ የነበረው ብዙ መሬት ተመልሶ ዱር ዋጠው። ዛሬ ጎብኚ መጥቶ «ድንግል ደን» እያለ ፎቶ የሚያነሳው ጫካ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ የሰው መቃብርና የፈረሰ ቤት መሠረት ያለበት ነው። መሬቱም ለነፍጠኛና ለባለሥልጣን ታደለ፤ ጭሰኛው የራሱን ቡና እየለቀመ ለሌላ የሚሰፍር ሆነ።

አሁን ወደ ርዕሴ። በ1940 ዓ.ም የትምህርት ግብር የሚባል ታወጀ። መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በተከፈለበት ደረጃ መጠን ባለመሬቱ ለትምህርት የሚከፍለው ነው። በሕግ ከፋዩ ባለመሬቱ ነው፤ በተግባር ግን ባለመሬቱ ወደ ጭሰኛው ትከሻ ማሻገሩን የሚከለክለው አልነበረም። ገንዘቡም በሕግ የታሰበው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነው። እሺ፣ ትምህርት ቤቱ የት ተሠራ? በከተማ ነዋ! በወረዳና በአውራጃ ከተማ። ከቦንጋ ግማሽ ቀን በእግር የሚርቅ ገበሬ ግብሩን እየከፈለ ልጁን ከከብት ኋላ ያውላል፤ የከተማው ጸሐፊ ልጅ ግን ደብተሩን ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛ ደረጃ ልማር ያለ የቦንጋ ልጅማ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅማ መግባት ነበረበት። በዚያን ጊዜ «ከፋ» ሲባል ጠቅላይ ግዛቱ በሙሉ ነው፤ ዋና ከተማውም ጅማ ነው። በስሙ የተጠራበት ሕዝብ የጠቅላይ ግዛቱ ዳር ሆኖ መቅረቱ የታሪክ ቀልድ ይመስለኛል።

ጓደኛዬ እዚህ ላይ ያዘኝ። «የትምህርት ግብሩ ለአንደኛ ደረጃ ከሆነ ለዩኒቨርሲቲው የከፋ ገበሬ ምን አዋጣ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ቡና ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አደገ። በነዚያ ዓመታት አገሪቱ ወደ ውጭ ሸጣ ከምታገኘው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከቡና ነበር። በቡና ላይ የሚጣለው ቀረጥ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል፤ ከካዝናው ለተማሪ መኝታና ምግብ ይወጣል። በእርግጥ የአሜሪካን እርዳታም ነበር፤ ሁሉን በቡና ላይ መጫን አልችልም። ቢሆንም «ነፃ» የምንለው ትምህርት ነፃ የሆነው ለተቀመጠበት ነው። ለለቃሚው ነፃ አልነበረም። ሂሳቡ ተከፍሏል፤ የከፈለው ግን ካምፓሱን አያውቀውም።

የግብርናው ትምህርት ታሪክ ደግሞ ከዚህም ያሳዝናል፤ ወይም ያስቃል። በ1945 ዓ.ም ጅማ ላይ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በኦክላሆማ ኮሌጅ መምህራን ረዳትነት የኮሌጅ ደረጃ ትምህርትም መጀመሪያ የተሰጠው እዚያው ጅማ ነው፤ ማለትም የአገሪቱ የከፍተኛ ግብርና ትምህርት የተፀነሰው በከፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነው። ከዚያስ? በ1949 ዓ.ም ኮሌጁ ጓዙን ጠቅልሎ ሐረርጌ፣ ዓለማያ ገባ። ምክንያት አልጠፋለትም ይሆናል። ጅማም ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ቀረለት። ግን ካርታውን ዘርግቶ ያየ ሰው ይገርመዋል፤ የቡና ጫካው እዚህ፣ ዲግሪው እዚያ።

በ1957 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ተጀመረና ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር መሰማራት ያዙ። ብዙዎቹ ገበሬውን በቅርብ ያዩት ያኔ ነው ይባላል። በዚያው ዓመት «መሬት ላራሹ» በአዲስ አበባ ጎዳና ተሰማ። እኔ ይህን ሰልፍ ባደንቅም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ተማሪው ስለ ገበሬው መሬት ጮኸ፤ ስለ ገበሬው ልጅ ወንበር ግን ያንን ያህል ጮኸ ወይ? እስከ 1966 ድረስ ባነበብኩት ውስጥ ይህ ጥያቄ ከመሬት ጥያቄ ሥር ተሸፍኖ ነው የማየው። ምናልባት መሬቱ ሲመለስ ወንበሩ ራሱ ይመጣል ብለው ይሆናል።

ጥያቄው ፊት ለፊት የወጣው በሴክተር ሪቪው ነው። በ1964 ዓ.ም ተጠንቶ ያለቀው ይህ የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ ለአብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይበቃዋል፤ ወደ ላይ የሚያልፈው ጥቂቱ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ወጪን ከመቆጠብ አንፃር ካየነው ስሌቱ ትክክል ነው፤ ለገጠር ልጅ አራት ዓመት እንኳ ብርቅ ነበረና። ነገር ግን ወላጁ የተረዳው ሌላ ነው። «የድኻ ልጅ ድኻ ሆኖ ይቅር ተባለ» ብሎ ተረዳ። መምህራን በየካቲት 1966 ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂውም ስለ ቤንዚን ዋጋ በራሱ በኩል ተነሳ፤ ጥናቱ ታገደ። የአብዮቱን መፈንዳት ስናወራ ነዳጅና ረሃብን እንጠቅሳለን፤ ትምህርት ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄም ከክብሪቶቹ አንዱ እንደነበረ ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረና በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተበተኑ። የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አይክደው። ለጫካው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ትልልቁ ደን የመንግሥት ሲሆን ኮቦ የሚለው መብት ከወረቀት ውጭ ቀረ። ከ1970 ዓ.ም ጀምሮ ወንዶ ገነት የደን ባለሙያ ማሠልጠን ጀመረ፤ በስዊድን ድጋፍ። ከዚያ የወጣው ባለሙያ ወደ ከፋ ሲመጣ ደን ጠባቂና ደን ቆጣሪ ሆኖ መጣ፤ የአካባቢው ሰው ደግሞ በገዛ ጫካው ሕገ ወጥ ሆኖ ቆየው። በ1977ቱ ረሃብ ምክንያት ከሰሜን ብዙ ሺህ ሰው ተነቅሎ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ጎጆ ሊሠራ ዘምቷል። ጎጆ ከእንጨት ነው የሚሠራው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ አዲስ ነገር በቦንጋ ታየ። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ኅብረተሰቡን ያሳተፈ የደን አስተዳደር የሚባለውን ከጀመረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ የቦንጋ ደን ነበር። መንግሥትና የደኑ ተጠቃሚዎች ማኅበር ውል ይፈራረማሉ፤ ማኅበሩ ይጠብቃል፣ ቡናውንና ማሩንም ይጠቀማል። ማንጆዎችም አባል ሆነው ገቡ። የጓደኛዬ አባት እንደሚሉት ደኑ ሲቆጠር ባለሙያው ወረቀት ይይዛል፣ እሳቸው የዛፉን ስም ይነግሩታል፤ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ቀረሮ እያሉ። ባለሙያው በላቲን ይጽፈዋል። ደመወዙ ለላቲኑ ነው። በ2002 ዓ.ም ደግሞ ዩኔስኮ የከፋን ደን፣ ከአምስት መቶ ሺህ ሄክታር በላይ የሆነ መሬት፣ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዘገበው። ባለሙያ የሚፈለግበት ሥራ በዛ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅም ከ1995 ጀምሮ አለ። እንግዲህ ዲግሪው ያስፈልጋል፤ ያስፈልጋል ብቻ ሳይሆን ከዚያው ሰፈር ልጅ ቢወጣ ይሻላል።

ታዲያ በዚህ መካከል ክፍያው መጣ። በ1996 ዓ.ም የወጪ መጋራት ተጀመረ። ሥርዓቱ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 ከመቶ ይሸከማል፤ አሁን ሳይሆን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ፣ ከደመወዙ በየወሩ ቢያንስ 10 ከመቶ እየተቆረጠ። ከአውስትራሊያ የተቀዳ ሐሳብ ነው። ፍርዴን ልናገር፤ በሐሳብ ደረጃ አልጠላውም። ለቃሚው ከፍሎ የከተማ ልጅ በነፃ ከሚማር፣ የተማረው ራሱ ኋላ ቢከፍል ይሻላል። ጓደኛዬን ያበሳጨሁት ይህን ብዬ ነው።

«አንተ የምታወራው ስለ 15 ከመቶ ነው» አለኝ። «እኔን የገደለኝ እሱ አይደለም።» ከዚያ ቆጠረልኝ። የጥሪው ማስታወቂያ የወጣው ቡና በሚለቀምበት ወር ነው፤ እሱ ሲሄድ አባቱ ሰው ቀጠሩ። ከደቻ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ጅማ፣ ከዚያ ወዲያ። ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒ፣ ለመስክ ልምምድ ቦቲ ጫማ። በግ ተሸጠ። ለዚህ ለዚህ ብድር የሚሰጥ ውል የለም፤ ውሉ የሚያበድረው ዶርሙንና ካፌውን ብቻ ነው። ዕዳው እስኪከፈልም ዋናው ዲግሪ አይሰጥም፤ ሥራ ካልተገኘ ዕዳው በምን ይከፈላል? ይህን ስሰማ ክርክሬን ባልተውም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ደግሞም ከበሩ ውጭ የቀረውን አልቆጠርንም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኝ ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም አላሳለፉም። ከገጠር ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ስለ ወጪ መጋራት የሚጨነቅበት ዕድል ራሱ ብርቅ ሆኗል። ያለፈውም በምደባ ነው የሚሄደው፤ የጫካ ልጅ ቆላ በረሃ ይመደባል፣ ጫካ አይቶ የማያውቅ የተፈጥሮ ሀብት ይደርሰዋል፣ «ሌላ ስላልመጣልኝ ነው» እያለ አራት ዓመት ይቆዝማል። ጓደኛዬ ፈልጎ የገባ ሰው በመሆኑ በክፍሉ እንደ ጉድ ይታያል።

ቦንጋም በበኩሏ በ2010 ዓ.ም ገደማ ተማሪ መቀበል ከጀመሩት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን አግኝታለች። የተፈጥሮ ሀብት ትምህርትም ይሰጥበታል። ኮሌጁ ጅማን ለቅቆ ዓለማያ ከገባ ከ60 ዓመት በኋላ ዲግሪው ወደ ቡናው ጫካ ጥግ መጣ ማለት ነው። እናቴ ግን የጠየቀችኝ፣ «ልጄ፣ እዚሁ እየተማርክ ቤትህ ማደር ይቻላል?» ብላ ነው። ምደባ መሆኑን ነገርኳት። «ታዲያ ለኛ ምን አደረገልን?» አለች፤ ቆጮውን እያገላበጠች።

የስቴንስሉ ገጽ ሊያልቅ ስለሆነ አንድ ጉዳይ ብቻ ልጠይቅ። የትምህርት ግብር ደረሰኝ በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ ሳይገኝ አይቀርም። አጎቴ ዘንድ የአባቱ አንድ አለ፤ ከማር ቀረጢት ጋር ተጣብቆ ግማሹ አይነበብም፣ ማኅተሙ ግን ይታያል። ከከፋ፣ ከቤንች፣ ከሸካ፣ ከዳውሮ የመጣችሁ ልጆች ለዕረፍት ስትሄዱ ጠይቁ። የከፈለው ጭሰኛው ይሁን ባለመሬቱ፣ በየትኛው ዓመት፣ ስንት ብር እንደሆነ ገልብጣችሁ ብታመጡልኝ ለሚቀጥለው እትም አንድ ላይ አጠናቅረዋለሁ። ደረሰኙን ራሱን አታምጡ፤ እዚያው ይቀመጥ።