በኩርሙክ መንገድ ያንኳኳው ፔዳል

የዛሬው ወግ የንጉሥም የጦርም አይደለም፤ የማውንቴን ሳይክል ወግ ነው። ከማውንቴኑም ሁለቱ ፔዳሎች የሚታሰሩባቸው የብረት ክንዶች፣ ክንዶቹም የሚዞሩበት፣ ከኮርቻው ቱቦ ግርጌ የተሸሸገው ኩሽኔታ። ሰው ሳይክል ሊገዛ ሲሄድ ቀለሙን ያያል፣ ጎማውን ጫን ጫን ያደርጋል፣ ፍሬኑን ይሞክራል፤ ጎንበስ ብሎ እዚያ ግርጌ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

አሶሳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ግንቦት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፣ ቀዩ አፈርም ውሃ ሲጠጣ ከጎማ አልላቀቅ ይላል፣ ከዚያም በጋው ሲገባ ያው ጭቃ ደቅቆ አቧራ ይሆንና ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። እስቲ በዚህ አገር አንድ ወጣት መምህር እናስነሳ። ቤቱ አሶሳ፣ ትምህርት ቤቱ ሆሞሻ በኩል ይሁን፤ ሰኞ ገና ሳይነጋ ወደ ኩርሙክ በሚያወርደው መንገድ ይወርዳል፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶም በቀርከሃው መሐል በጭቃ ይገባል፣ ዓርብ ደግሞ ዝናቡ እንደፈቀደለት ይመለሳል። እና አንድ ዓርብ፣ ነሐሴ ላይ ነው እንበል፣ ዳገቱን ቆሞ ሲረግጥ ከእግሩ ሥር «ቋ» አለ፤ ረገጠ፣ «ቋ» አለ፤ ቆመና አየ፣ ምንም የለም፤ ከዚያም እንደ ምንም እያንኳኳ አሶሳ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ማንጎ ጥላ ሥር ወደሚሠሩት ሽማግሌ ሳይክል ጠጋኝ ሄደ። «ጋሼ፣ ፔዳሌ ይጮሃል» አላቸው። ሽማግሌው መፍቻ አላነሱም፤ የግራውን ክንድ በአንድ እጅ፣ የቀኙን በሌላው ያዙና ወደ ጎን ገፋ ሳብ አደረጓቸው። ይህን እዩልኝ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚህ ነው፤ አንዱ ክንድ ብቻ ከተወዛወዘ የላላው የክንዱ ብሎን ነው፣ ሁለቱ አብረው ከተወዛወዙ ግን ያለቀው ኩሽኔታው ነው። የመምህሩ አብረው ተወዛወዙ። «እግዜር ይመስገን፣ ክንዱ ተርፏል» አሉ ሽማግሌው። ይህን ያሉት ያለ ነገር አይደለም፤ የአሉሚኒየሙ ክንድ የሚገባው አራት ማዕዘን በሆነ የብረት ፔርኖ ጫፍ ላይ ነውና፣ ብሎኑ ላልቶ ሳለ ሰው «ቤት ልድረስ» ብሎ ከረገጠው ብረቱ ለስላሳውን አሉሚኒየም ይበላዋል፣ ቀዳዳው አንዴ ከተበላ ደግሞ ቢያጠብቁት አይጠብቅም፣ ክንዱ ይጣላል።

ከዚያም ክንዶቹን በመንቀያው ነቀሉና ኩሽኔታውን ወደ መፍታት ሄዱ። አጠገባቸው ያለው ተለማማጅ ልጅ በቀኝ በኩል መፍቻውን አስገብቶ፣ ሰው ሁሉ ብሎን እንደሚፈታው ወደ ግራ ተንጠለጠለበት፤ አልነቃነቅ አለው። «ተው ልጄ፣ እያጠበቅኸው ነው!» ብለው ቀሙት። በአብዛኛው ማውንቴን ላይ የቀኙ ጥርስ ግልባጭ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ዞረ፣ ወጣ፣ ተከትሎም ቀይ ውሃ ፈሰሰ። ዝናብ በኮርቻው ብረት ዙሪያ ይገባል፣ ቱቦውን ይወርዳል፣ ከሁሉ ዝቅ ያለው እዚያ ስለሆነ እዚያው ይጠራቀማል። ሽማግሌው ከግርጌው ያለውን ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ በሽቦ ወጉት፤ በጭቃ ተደፍኖ ኖሯል።

«ታዲያ ጋሼ፣ የማይሞተው የቱ ነው?» አለ መምህሩ።

እና ሽማግሌው ግራሶ የነካ እጃቸውን እየጠረጉ ዘረዘሩለት። የድሮው ሳይክል ክንዱ በሽብልቅ ነበር የሚያዘው፤ መዶሻ ያለው ሁሉ ይሠራዋል፣ ሽብልቁ ግን ሁልጊዜ ይላላል። ልቅ ጠጠር ያለው ኩሽኔታ ርካሽ ነው፣ ፈትቶ አጥቦ ግራሶ መቀባትም ይቻላል፣ ክረምት ሙሉ እየፈታ የሚያጥብ ግን ማን አለ? የጃፓኑ ሺማኖ ኩባንያ ካስለመዳቸው ውስጥ ወፍራም ክፍት ፔርኖ ያለው፣ ኩሽኔታዎቹ ከግርጌው ቱቦ ውጭ የሚቀመጡት አለ፤ ጠንካራ ነው፣ ክንዱም በቀላሉ ይፈታል፣ ነገር ግን ኩሽኔታው ወደ ጭቃው ቀርቧል፣ የሱን መፍቻም እያንዳንዱ ሠሪ አይዘውም። ጥርስ የሌለው፣ በግፊት ብቻ የሚገባውን ደግሞ ጭራሽ እዚህ አታምጣብኝ አሉት፤ የሚገባበት ቱቦ ትንሽ ከሰፋ ይንጫጫል፣ መግፊያውም እዚህ የለም። እንግዲህ የቀረው አራት ማዕዘን ፔርኖ ያለው፣ የታሸገው፣ በጥርስ የሚገባው ነው። ክብደት አለው፣ አይፈታም አይቀባም፣ ሲያልቅ ይጣላል፤ ግን ጭቃውን ከሌሎቹ አብልጦ ይችላል፣ ዋጋውም አይጎዳም። እኔም ብጠየቅ ከእሳቸው የተለየ አልልም። ክንዱን በተመለከተ ግን አንድ ጨመሩለት፤ ካቴናው የሚዞርበት የፊት ጥርስ በብሎን የታሰረ ይሁን፣ የተበየደ ወይም የተቀጠቀጠ ከሆነ ጥርሱ ባለቀ ቀን ክንዱም አብሮ ይሄዳል።

አሶሳ ውስጥ ልኩ ስላልተገኘ መርካቶ ተደወለ። ነጋዴው መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ብራንድ አይደለም፤ «የግርጌው ቱቦ 68 ነው 73?» አለ፤ ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ሽማግሌው አሮጌውን እያሹ ቢያዩት 68 በ113 የሚል ተጽፎበት ተገኘ፤ 68 የቱቦው ስፋት፣ 113 የፔርኖው ርዝመት። ያን ቁጥር ሳያዩ አሮጌውን የሚጥል ሰው በግምት ያዛል፣ ፔርኖው አጥሮ ክንዱ ሳይክሉን ይፈገፍጋል ወይም ረዝሞ ካቴናው ይጣመማል፣ ከዚያም እንደገና ማዘዝ ነው። እንደገና ማዘዝ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ዕቃው ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በአምቦ፣ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ አልፎ፣ ዳቡስን ተሻግሮ፣ በባምባሲ በኩል ነው የሚመጣው፣ ይህ መንገድ በጸጥታ ችግር የተዘጋባቸውን ጊዜያትም አንረሳም።

ዕቃው መጣ። ሽማግሌው የቱቦውን ጥርስ በጨርቅ ደጋግመው ጠረጉ፣ ግራሶ ቀቡ፣ መጀመሪያ በእጃቸው ብቻ አዞሩት፤ በእጅ አልሄድ ያለውን በመፍቻ ማስገደድ ጥርሱን ይበላዋልና። ከዚያም አጠበቁ፣ ክንዶቹን አስገቡ፣ ብሎኖቹን በሙሉ ኃይላቸው አሰሩ። መምህሩ ገንዘብ ሲቆጥር «ሳምንት ቆይተህ ተመለስ» አሉት። ሆሞሻ ደርሶ ሲመለስ መጣ፤ መፍቻው ገባ፣ የቀኙ ብሎን አልነቃነቅ አለ፣ የግራው ግን ሩብ ዙር ያህል ገባ።