የማዳም ደ ሞንቴስፓን በርጩማ

በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት፣ ከንጉሣውያን ቤተሰብ ውጭ የሆነች ወይዘሮ በንግሥቲቱ ፊት ልቀመጥ ካለች አብዛኛውን ጊዜ ዱሼስ መሆን ነበረባት። ያም ሆኖ የሚሰጣት መደገፊያ የሌላት በርጩማ ናት። የቀረው ሰው እግሩ እስኪዝል ይቆማል።

አቴናይስ ደ ሞንቴስፓን እ.ኤ.አ. በ1667 የንጉሡ ዕቁባት ከሆነች በኋላ ያልተሰጣት ነገር አልነበረም፤ ቬርሳይ አጠገብ ክላኚ ላይ ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ተደርሷል። በርጩማዋ ግን አልተገኘችም። እንቅፋቱ ባሏ ማርኪው ነው። እሷ ዱሼስ ከተባለች እሱም ዱክ ሊሆን ነው። ሌላው ባል ቢሆን ሹመቱን ተቀብሎ አፉን ይዘጋ ነበር። ማርኪው ግን በአደባባይ ጮኸ፣ ታሰረ፤ ወደ ርስቱ ሲባረርም ሚስቴ ሞታለች ብሎ የቀብር ሥርዓት አስደረገ ይባላል። በመጨረሻ በ1679 ንጉሡ ዘዴ አገኘ፤ የንግሥቲቱ እልፍኝ የበላይ አዛዥ አድርጎ ሾማት። የዱሼስ ማዕረግ ሳይሰጣት ክብሩን አገኘች። ንግሥቲቱ ምን እንደተሰማት መገመት አያዳግትም።

ምላሷ እንደ ምላጭ ነበር። ከንጉሡ ጋር በመስኮት ስትመለከት ባላባቶቹ በዚያ በኩል ማለፍ ይፈሩ ነበር። ይህችው ደፋር ሴት ሌሊት ብቻዋን መሆን አትችልም። ሻማ አብርተው የሚያድሩ ሴቶች ቀጥራ፣ በነቃች ቁጥር ሲያወሩ ወይም ሲበሉ ማግኘት ትፈልግ ነበር።

ለንጉሡ 7 ልጆች ወለደች። ልጆቹን በምስጢር እንድታሳድግ ራሷ የመረጠቻት ሞግዚት የባለቅኔው ስካሮን መበለት ናት፤ ኋላ ማዳም ደ ማንትኖን ተብላ ንጉሡን በምስጢር ያገባችው። በዚያ መካከል የፓሪስ መርዘኞች ጉዳይ ተነሣ፤ ላ ቯዛን የተባለችው መርዘኛ በ1680 ከተቃጠለች በኋላ የታሰሩት የማዳም ደ ሞንቴስፓንን ስም ጠሩ። ንጉሡ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንዲደርስ አልፈቀደም። ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት አልተረጋገጠም፤ ለእኔ በሥቃይ ፍርሃት የወጣ ቃል ብዙም አይከብደኝም።

በ1691 ቤተ መንግሥቱን ለቃ ፓሪስ ገዳም ገባች፤ በ1707 ቡርቦን ላርሻምቦ ጠበል ቦታ አረፈች። ንጉሡ ልጆቿ ጥቁር እንዳይለብሱ ከለከለ። በ1673 ልጆቼ ናቸው ብሎ ባወጀበት ደብዳቤ የእናት ስም አልተጻፈም ነበርና፣ በሕግ የሚያለቅሱላት እናት አልነበረቻቸውም።