እኅት የሌላት ተፈቃሪ፤ ወደ ወላጅ ቤት መመለስ በአማርኛ የፍቅር ልብ ወለድ

የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ከፍቅር ታሪክ ጋር አብሮ ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። ሚልስ ኤንድ ቡን የተባለው፣ በፍቅር ልብ ወለድ ስሙ የገነነው የለንደን አሳታሚም፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ የተቋቋመው በዚያው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ መንገድ በእጅጉ ተለያይቷል። በእንግሊዝኛው የፍቅር ልብ ወለድ ከሚደጋገሙት ታሪኮች አንዱ የእኅትማማቾች መመለስ ነው፤ ለዓመታት ተለያይተው የኖሩ እኅቶች ወደ ትንሿ የትውልድ ከተማቸው ይመጣሉ፣ የእናታቸውን ቤት ይረከባሉ፣ የቆየው ቂም ይፈታል፣ ፍቅርም እዚያው ደጃፍ ላይ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው እንዲህ ያለው ታሪክ በአማርኛ ልብ ወለድ ለምን ሥር እንዳልሰደደ ነው።

በእኛ ዘንድ ታላላቆቹ ሥራዎች የያዙት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋውን መንታ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ ትዳሯንም የምታገኘው በባዕድ ንጉሥ አገር ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ሰብለ ወንጌል የምንኩስና ልብስ ለብሳ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ትወጣለች፤ ወጥታም ትቀራለች። ሁለቱም የሚወጡት በሌላ ሰው ልብስ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በራሷ ልብስ የምትሄድበት መንገድ ገና አልተጠረገምና። መመለስ የወንድ ዕጣ ነው። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» (1941 ዓ.ም.) ከፈረንሳይ ተምሮ ወደ አገሩ የሚመለስ ወንድ ታሪክ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሰብለ ለወላጆቿ አንድ ናት። ጦቢያም ያላት ወንድም እንጂ እኅት አይደለም። የፍቅር ዘፈናችን ተፈቃሪዋን «እቴ» እያለ ሲጠራ፣ መኃልየ መኃልይም ሙሽራዪቱን እኅት ሲላት፣ የልብ ወለዷ ተፈቃሪ ግን እኅት የላትም። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል።

ነገሩን ከመካነ ሰላም ሆኖ ማየት ይጠቅማል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የሚገኘው የቦረና አገር ከምሥራቅ ጎጃም የሚለየው በዓባይ ሸለቆ ነው፤ የበዛብህና የሰብለ ዲማ ጊዮርጊስም የሚገኘው በዚያው በማዶው ምድር ነው። (እግረ መንገዳችንን፣ በዚህ አካባቢ ደብረ ሲና ሲባል የቦረናው እንጂ የሸዋው አይደለም።) የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በሬዲዮ ሲሰማ፣ እዚህ ላለው አድማጭ ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ አልነበረም። የፊታውራሪ መሸሻን ዓይነት ሰው ያውቀዋል። ሴት ልጅ ተድራ ከሄደች በኋላ በአባቷ ቤት ምን እንደሚቀራትም ያውቃል።

የሚቀራት ርስት ነበር። አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የርስት መብት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሴት ልጅም ባለርስት ናት። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የምትኖረው በባሏ አገር ስለሆነ ድርሻዋን የሚያርሰው ወንድሟ ነው። እኅት ለመልስ ወይም ለበዓል ስትመጣ ትወደዳለች፤ ለመኖር ስትመጣ ግን ድርሻ ጠያቂ ትሆናለች። እርግጥ ወሎ ከጎጃም ጋር አንድ አይደለም። በቦረናና በለጋምቦ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በሸሪዓ ደግሞ የሴት ልጅ ድርሻ የወንዱ ግማሽ ነው። በየትኛውም ሥርዓት ቢሆን የእኅት መመለስ ከናፍቆት በፊት የመሬት ጥያቄ ያስነሳል። የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲ ባለታሪኩን ያለ እኅት ሲፈጥራት፣ በእኔ ግምት፣ ይህን ሙግት ከታሪኩ ውስጥ እያወጣው ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ካለች ክርክሩ ስለ አጥንትና ስለ ባል ምርጫ ይሆናል፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ስለ ማሳ ይሆናል።

መመለስ በሕይወት ውስጥ የለም ማለት አይደለም። እንዲያውም ሥርዓት ተበጅቶለታል። ሙሽራዪቱ ለመልስ ከባሏ ጋር ወደ ወላጆቿ ትመጣለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ከተፈታች ወደ አባቷ ቤት ትገባለች፤ ወንድም ወይም አባት ሲሞት ከየተዳረችበት መጥታ ታለቅሳለች። አራቱም የየራሳቸው ቃል አላቸው፤ ሠርጉ ዘፈን አለው፣ ለቅሶው ሙሾ አለው። በሙሾ ውስጥ እኅት በሕዝብ ፊት ትናገራለች፤ ሟቹን እያነሳች በሕይወት ያለውንም ወንድም ትወቅሳለች፤ ተቆጪ የለባትም። እንግዲህ የእኅትማማቾች መመለስ በአማርኛ አልተነገረም ከማለት ይልቅ፣ በቃል ግጥም ተነግሮ አብቅቷልና ልብ ወለዱ አላነሳውም ማለት ይቀላል።

በጽሑፍ ታሪካችን እውነተኛ ተመላሾች ነበሩ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጆች ስንዱና የውብዳር ስዊዘርላንድ ተምረው ተመልሰዋል። ስንዱ ገብሩ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው በአሲናራ ደሴት ታስረዋል፤ ኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል። ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት እቴጌም የወሎ፣ የአምባሰል ተወላጅ መሆናቸው ይታወሳል። ይሁን እንጂ የስንዱ «የልቤ መጽሐፍ» (1942 ዓ.ም.) የግጥምና የተውኔት መድበል እንጂ የመመለስ ልብ ወለድ አይደለም። ለአርበኛይቱ አንገብጋቢው ቤት ሳይሆን አገር ነበር።

መመለስ የግድ በጋብቻ ይጠናቀቅ የሚል ሕግም የለም። በቼኾቭ «ሦስት እኅትማማቾች» (እ.ኤ.አ. 1901) ሦስቱ እኅቶች ስለ ሞስኮ ሲያልሙ ይኖራሉ፣ አይመለሱም፤ ተውኔቱ የተሠራው ከዚያ ካለመመለስ ነው። የወንድማቸው ሚስት ቤቱን ክፍል በክፍል ስትወስድባቸው ያየ የወሎ ተመልካች ትርጉም አያሻውም።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን አስቀርቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ሴቶች በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። እንግዲህ ልብ ወለዱን የከለከለው ምክንያት ተነሥቷል ሊባል ይችላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከደቡብ ወሎ ደጋ ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሠራተኛነት ሄደዋል፤ በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን፣ ሴትም ወንድም፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። እኅት በላከችው ገንዘብ የተሠራው የቆርቆሮ ቤት የቆመው በአባት ወይም በወንድም ይዞታ ላይ ከሆነ፣ ስትመጣ እንግዳ ናት ወይስ ባለቤት? ጥያቄው በሽማግሌ ፊት ይቀርባል፣ በለቅሶ ቤትም ይነሣል።

ሙሾ የሚሰበስቡ ተማሪዎቻችን ግጥሙን ይጽፋሉ፣ ቤት አመታቱን ይለያሉ። ወደ መካነ ሰላምና ወደ ሳይንት የሚወጡት ደግሞ አንድ ነገር ቢጨምሩ መልካም ነው፤ አልቃሿ ከየት እንደመጣች፣ ለቅሶው ሲያበቃስ በየትኛው ቤት እንዳደረች።