ከአገር ማስወጣት ቅጣት ነውን? የወንጀል መዝገብና የውጭ አገር ሰው በአሜሪካ ሕግ ታሪክ

አንድ ሰው በሠራው ወንጀል ተፈርዶበት የእስራቱን ዘመን ከፈጸመ ዕዳውን ከፈለ ይባላል። ነገር ግን ይኸው ሰው የሚኖርበት አገር ዜጋ ካልሆነ፥ ከወህኒ በወጣ ማግስት ከአገር የሚያስወጣው ሌላ ትእዛዝ ሊጠብቀው ይችላል። ይህ ሁለተኛው ትእዛዝ ቅጣት ነው ወይስ አይደለም? የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ለዚህ ጥያቄ በዩናይትድ ስቴትስ የተሰጠው መልስ ከየት እንደ መጣና ምን እንዳስከተለ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የነገሩ መነሻ ከአሜሪካ ነጻነት በፊት ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1718 ባወጣው ሕግ መሠረት ወንጀለኞች ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በብዛት ይጋዙ ጀመር፤ እስከ 1775 ድረስም 50,000 ያህል ሰዎች እንደ ተላኩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። የቅኝ ግዛቶቹ ነዋሪዎች ይህን እንደ ንቀት ቈጠሩት። ቤንጃሚን ፍራንክሊንም በ1751 በጋዜጣው ላይ፥ ለወንጀለኞቹ ምላሽ መርዘኛ እባቦችን ወደ እንግሊዝ እንላክ ሲል አፌዘ። ከነጻነት በኋላ በ1788፥ ኮንግረሱ የተፈረደባቸው ወንጀለኞች ከውጭ እንዳይገቡ እያንዳንዱ ስቴት ሕግ እንዲያወጣ መከረ። እንግዲህ የመጀመሪያው ሐሳብ ሌላ መንግሥት ወህኒ ቤቱን በእኛ ደጅ አያራግፍ የሚል ነበር።

ይኸው ሐሳብ በ1875 የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ሆነ። ሕጉ የከለከለው በአገራቸው ፍርዳቸውን በመፈጸም ላይ ያሉትን፥ ወይም አገር ለቀው እንዲሄዱ በሚል ውል ምሕረት የተደረገላቸውን ወንጀለኞች ነው። በፖለቲካ ምክንያት የተፈረደባቸውን ግን አልከለከለም። በ1891 የወጣው ሕግ ክልከላውን አስፍቶ፥ የምግባር ብልሹነት በሚታይበት ወንጀል የተፈረደበት ሁሉ እንዳይገባ አዘዘ። ሕጉ የምግባር ብልሹነት ምን እንደሆነ አልተረጐመም። በ1951 አነጋገሩ ከመጠን በላይ ግልጽነት የጐደለው ነው የሚል ክርክር ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢቀርብም፥ የዳኞቹ ብዙኃን ክርክሩን አልተቀበሉትም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው በበሩ ላይ ስላለው እንግዳ ነው። ቤት ሠርቶ ስለሚኖረው ሰው ግን ዋናው ፍርድ የተሰጠው በ1893 ነው። በ1892 የወጣው ሕግ ቻይናውያን ሠራተኞች የመኖሪያ ወረቀት እንዲይዙ ያስገድድ ነበር፤ ወረቀቱን ሳይዙ የተገኙ ሦስት ሰዎችም ነገራቸውን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱ። የዳኞቹ ብዙኃን፥ ከአገር ማስወጣት የመንግሥት ሥልጣን እንጂ የወንጀል ቅጣት አይደለም፤ ስለዚህ ለወንጀል ተከሳሽ የተሰጡት ዋስትናዎች አያስፈልጉም ሲሉ ወሰኑ። ሦስት ዳኞች ተቃወሙ። ከነዚህ አንዱ ዴቪድ ብሩወር፥ ሰውን ከቤቱ፥ ከቤተ ሰቡና ከንብረቱ መለየት ቅጣት መሆኑን ተከራከረ። በእኛም አገር ልማድ ግዞት ከከባድ ቅጣቶች አንዱ ሆኖ ይቈጠር ስለ ነበር፥ የብሩወር አስተያየት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

በ1917 የወጣው ሕግ ከገቡ በኋላ በሠሩት ወንጀል ምክንያት ነዋሪዎችን ማስወጣትን በሰፊው ፈቀደ፤ ነገር ግን ልክ አበጀለት። ለአንድ ወንጀል የሚባረረው ከገባ በአምስት ዓመት ውስጥ አጥፍቶ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት ነው። ከዚህም በላይ የፈረደው ዳኛ ሰውየው እንዳይባረር ቢያሳስብ፥ ማሳሰቢያው ይጸና ነበር።

ይህ ልክ ቀስ በቀስ ፈረሰ። በ1988 ከባድ ወንጀል የሚል አዲስ ምድብ ተፈጠረ፤ የያዘውም ነፍስ ግድያን፥ የአደንዛዥ ዕፅና የመሣሪያ ንግድን ብቻ ነበር። በ1990 የዳኛው ማሳሰቢያ ተሻረ። በ1996 የወጡት ሕጎች ምድቡን አስፍተው የአንድ ዓመት እስራት የተፈረደበትን ስርቆት ሳይቀር፥ እስራቱ በገደብ የታለፈ ቢሆንም እንኳ፥ ከባድ ወንጀል አሉት። ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ምሕረት የሚጠይቅበት መንገድም ተዘጋ። አዲሱ ትርጓሜ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በተሰጡ ፍርዶች ላይ ጭምር እንዲሠራ ታዘዘ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ወደ ኋላ ሄዶ የሚቀጣ ሕግ ይከለክላል፤ ክልከላው ግን ቅጣትን ብቻ ስለሚመለከት፥ በ1893 ቅጣት አይደለም የተባለው ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ ለዚህ በር ከፈተ።

ጉዳዩ የአገራችንንም ሰዎች ይነካል። ከ1974 አብዮት በኋላ የተሰደዱና በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። ግሪን ካርድ የያዘ፥ ነገር ግን ዜግነት ያልወሰደ ሰው ሠላሳ ዓመት ቢኖርም ከዚህ ሕግ ሥር ነው። በ1996ቱ ሕግ መሠረት፥ አንዳንድ የቈየ ፍርድ ያለበት ነዋሪ ዘመድ ለመጠየቅ ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊቈጠርና ሊከለከል ይችላል።

ፍርድ ቤቱ በኋላ ጥቂት አለዘበ። በ2001፥ ከ1996 በፊት ጥፋታቸውን ያመኑ ሰዎች ምሕረት መጠየቅ እንደሚችሉ ወሰነ። በ2010፥ ከ40 ዓመት በላይ በአሜሪካ በኖረና በቬትናም ጦርነት ባገለገለ አንድ የሆንዱራስ ተወላጅ ጉዳይ፥ ጠበቃ ደንበኛው ጥፋቱን ከማመኑ በፊት ከአገር ሊያስወጣው እንደሚችል ሊነግረው ይገባል አለ። በ2012፥ ወላጆቹን ለመጠየቅ ለአንድ ሳምንት ግሪክ ደርሶ ለተመለሰ ነዋሪ ፈረደለት፤ ሰውየው የተፈረደበት በ1994 ስለ ነበር፥ የ1996ቱ ደንብ ወደ ኋላ ሄዶ ሊይዘው አይችልም ተባለ።

ከዚህ እንደምንረዳው፥ የሌላውን አገር ወህኒ ለመመከት የተጀመረው ሕግ በመጨረሻ የወደቀው በአሜሪካ ኖሮ፥ በአሜሪካ አጥፍቶ፥ በአሜሪካ በተቀጣ ሰው ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ የ1893ቱን ቃል እስካሁን አልሻረውም፤ ያደረገው ዙሪያውን መጠገን ብቻ ነው። መንግሥት ማን ይግባ፥ ማን ይውጣ ብሎ የመወሰን ሥልጣን እንዳለው አይካድም። ነገር ግን በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ብሩወር የተናገረው ትክክል ነው፤ ከእስራት የሚከብደውን ነገር ቅጣት አይደለም ማለት የሚቀጣውን ሰው መከላከያ ያሳጣዋል እንጂ የነገሩን ክብደት አይቀንሰውም።